ሁለት እዝባር

ከቱሉ ዲምቱ አልፎ፣ ታክሲው ከሚዞርበት፣
ቆርቆሮ ለበስ ነው የወረዳው ጽ/ቤት፣
በገዛ ስሙ መሀል እዝባር የቆመበት።
ቀትር ላይ ሲግል ጣራው ጠሽ ጠሽ ይላል፣
ኮምፒውተሬም እንደኔው ቁና ቁና ይተነፍሳል።

በሆዱ ዛፍ ይዟል፣ ሥሩን ሽቅብ ሰቅሎ ቁልቁል የሚያድግ፤
ቅጠሉ ሰው ነው፤ ስም፣ የማሳ ስፋት፣ የካሳ ልክ፣ በመልክ በወግ።
ፈልግ ስለው ታዲያ መንገድ ነው የምነግረው፣
እንግዳ ሲጠፋው ቤቴን በስልክ እንደማመላክተው፦
«ከፌርማታው ውረድ፤ ቁልቁል፤ ሦስተኛው ብሎክ፤
መወጣጫው ጨለማ ነው፣ አይዞህ፤ አራተኛ ፎቅ፤
በሩ አረንጓዴ።»
እዚህ ጎዳናው ስም የለው፣ የቤት ቁጥሩን ዝናብ አጥቦታል፣
ሰው በመንገድ ቃል ነው ከሰው የሚገናኝ፤ ሌላው ያሳስታል።

ዛፉም እንደዚያው ነው፦
ወረዳ፣ እዝባር፣ ቀበሌ፣ እዝባር፣ ማሳ፣ እዝባር፣ ባለይዞታ።
አንድ እዝባር አንድ እርምጃ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ፣ ያለ አንዳች ይሉኝታ።
ጎን ለጎን ሁለት ነጥብ ብጽፍ፣ ልጁን ትቶ አባቱ ደጅ ይመለሳል፤
በማዕዘን ቅንፍ «ካሳ ያልተከፈለው» ብል፣ የተከፈለውን ያልፋል።

አንድ ሌሊት በዛፉ መሀል «ቀጠና» የሚል ቅርንጫፍ ተጨመረ፣
የጻፍኩት መንገድ በሙሉ ገደል ገብቶ አደረ።
ያኔ ነው ሁለት እዝባር መደርደር የተማርኩት፦
«የትም ይሁን፣ ስንት እርከን ይጥለቅ፣ ስሙን ብቻ ይዘህ ውረድበት።»
የሰነፍ ጸሎት ነው፣ ትላለች ትርሲት። ያም ሆኖ ይሰማል።

ሐሙስ ዕለት ኦቦ ሁንዴሳ ቶላ መጡ።
ሰማያዊ ፌስታል፣ በፌስታሉ ደረሰኝ፣ ደረሰኙ አራት ቦታ ታጥፎ።
«ስሜ በእኛ ቋንቋ ከሥር የወጣ ነው» አሉኝ እየሳቁ።
ሁለት እዝባር፣ ባለይዞታ፣ ስሙም ሁንዴሳ።
ባዶ ዝርዝር።
አይቆጣም፤ ተሳሳትሽ አይልም፤
ቅንፉን ከፍቶ ይዘጋል፣ በመሀሉ ምንም።
ደገምኩት። ምንም።

እሳቸው የራሳቸውን መንገድ ነገሩኝ፦
«ከምንጩ በላይ፣ ከግራሩ በስተቀኝ፣ ድንጋዩ ከተከመረበት፣
ያ የውሃ ታንከር የቆመበት፣ ሽንብራ ነበር የምዘራበት።»
እንዴት ብዬ ልጻፈው? ምንጩ የለ፣ ግራሩ የለ፣
ከመንገዱ መጨረሻ ሰውየው ብቻ ወንበር ላይ አለ።

ትርሲት ናት ያየችው፣ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ፦
«ይሄን የጻፉት እማማ ማንያህልሻል አይደሉ?»
ጡረታ የወጡት። ቄስ ያስተማራቸው፣ ለፊደል የሚሳሱ።
ሃሌታው ሀ ለሽማግሌ ስም ቀለለባቸውና
በሐመሩ ሐ፣ በንጉሡ ሠ አከበሯቸው፦ ሑንዴሣ።
ለጆሮ አንድ ነው። ለአፍም አንድ ነው።
ማሽኑ ግን ሁለት ባዕድ ሰው ያያል፤
ዝምድናቸውን ማንም አልነገረው።

ነገርኩት። ሐንም ኀንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣
ፀን ወደ ጸ መልስና ከዚያ ፈልግ አልኩት።
ኦቦ ሁንዴሳ ወጡ፤ ማሳቸው፣ ስፋቱ፣ ያልተከፈለው ካሳ።
«እዚሁ ነበርኩ እንዴ?» አሉ።
እዚሁ ነበሩ።

ካቢኔቱ ውስጥ «አልተገኘም» የሚል ማኅተም ያረፈባቸው ማመልከቻዎች አሉ።
አንድ በአንድ አስገባኋቸው።
ፀዳለች በጸሎቱ ጸ ተገኘች፣ ኃይሌቦ በሃሌታው፣ ዓለሚቱ በአልፋው አ፤
እስኪመሽ አርባ አንድ ሰው ወጣ።

አሁን መብራት ሄዷል። ዝርዝሩን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ።
መዝገቡ «ስልክ» የሚል ቅርንጫፍ የለውም።
ነገ ከፌርማታው እወርዳለሁ፤ ቁልቁል፤ ያገኘሁትን ሰው እየጠየቅኩ፦
«ፀዳለች የሚሏትን ያውቃሉ?»
የትኛው ጸ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።